የወይን ጠጅና የእንግዳ ማዕድ በካኸቲ

ጆርጅያ ከካውካሰስ ተራሮች በስተ ደቡብ፣ በጥቁር ባሕር ምሥራቃዊ ዳር የምትገኝ አገር ናት። ሕዝቧ የራሱ ቋንቋና የራሱ ፊደል አለው፤ ቤተ መንግሥቷም ክርስትናን የተቀበለው እንደ አክሱም ቤተ መንግሥት በ4ኛው መቶ ዓመት ነው። በአገሪቱ ምሥራቅ ያለው ክፍል ካኸቲ ይባላል፤ በወይን ተክሉና በወይን ጠጁ ከሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ ይበልጥ የታወቀ ነው። የጠጅ ቤቶቹን ለመጐብኘት፣ በመከር በዓሎቹ ለመገኘትና በማዕዱ ለመቀመጥ ከሌላ አገር የሚመጣው ሰው ባለፉት ዓመታት እጅግ በዝቷል።

ይህ ጐብኚ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ጠጁ እንዴት እንደሚጠመቅና ጣዕሙ ከሌላው በምን እንደሚለይ ነው። የሕዝብን ልማድ ለሚመረምር ሰው ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ጠጁ የሚጠመቀው ለማን ነው የሚለው ነው። የካኸቲ ባላገር ለቤተ ሰቡ ከሚጠጣው ሌላ፣ ጋኑን ሲሞላ የኖረው ለቤተ ክርስቲያን መባ፣ ለሙታን መታሰቢያና ለእንግዳ መቀበያ ነው። አሁን ደግሞ በነዚህ ላይ ዋጋ ከፍሎ የሚጠጣ ደንበኛ ተጨምሯል። በዚህ ጽሑፍ የሚገለጸው የጋኑና የማዕዱ ሥርዓት ምን እንደ ሆነ፣ ክፉውንም ዘመን እንዴት እንዳለፈ፣ ከደንበኛው መምጣት የተነሣ ምን ዓይነት ለውጥ እንደ ገጠመው ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

አገሩና ተክሉ

የካኸቲ እንብርት የአላዛኒ ወንዝ ሸለቆ ነው። ሸለቆው በሰሜን በኩል በታላቁ ካውካሰስ፣ በደቡብ ምዕራብ በኩል በጎምቦሪ ተራሮች የታጠረ ስለ ሆነ፣ የሰሜኑ ብርድ በቀጥታ አይደርስበትም፤ በጋውም ሞቃትና ረዥም ነው። ዋናው ከተማ ቴላቪ ይባላል። ከጆርጅያ የወይን ተክል ከግማሽ የሚበልጠው የሚገኘው በዚሁ በካኸቲ ነው።

በመላው ጆርጅያ ከ500 የሚበልጥ የአገር በቀል ወይን ዓይነት ተቈጥሯል። በካኸቲ ከሁሉ የተለመዱት ርካጺቴሊ የሚባለው ነጭ ወይንና ሳፔራቪ የሚባለው ጥቁር ወይን ናቸው። ሳፔራቪ ማለት በአገሩ ቋንቋ ማቅለሚያ ማለት ነው። ስሙም የተገባው ነው፤ የብዙዎቹ ጥቁር ወይኖች ውስጣቸው ነጭ ሲሆን የሳፔራቪ ግን ልጣጩም ውስጡም ቀይ ነው።

የጥንታዊነቱ ነገር በቁፋሮ የተረጋገጠ ነው። ከዋና ከተማው ከትብሊሲ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በሚገኙ ጋዳችሪሊ ጎራና ሹላቬሪስ ጎራ በሚባሉ ሁለት ጥንታዊ መንደሮች የተገኙ የሸክላ ስብርባሪዎች በኬሚስትሪ ተመርምረው፣ የወይን ምልክት የሆነው ታርታሪክ አሲድ ተገኝቶባቸዋል። የምርመራው ውጤት በ2017 ታትሞ በወጣ ጊዜ ስብርባሪዎቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ6000 እስከ 5800 ዓመት ባለው ጊዜ የተሠሩ መሆናቸው ተገልጿል። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከዚህ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው የወይን ጠጅ ማስረጃ አልተገኘም ነበር።

ጋኑና አጠማመቁ

የካኸቲን ጠጅ ከሌላው ዓለም ጠጅ የሚለየው ዕቃው ነው። ክቬቭሪ የሚባለው ዕቃ ከሸክላ የተሠራ ታላቅ ጋን ሲሆን፣ መልኩ እንቁላል ይመስላል፤ ወደ ታችም እየጠበበ ሄዶ ይሾላል። ትንሹ ጥቂት አሥር ሊትር፣ ታላቁ ብዙ ሺህ ሊትር ይይዛል። ሸክላ ሠሪው የሚሠራው በመንኰራኵር ሳይሆን በእጁ ነው፤ የጭቃውን ጥቅል ቀለበት በቀለበት ላይ እየደረበ፣ የታችኛው ጠንክሮ የላይኛውን መሸከም እስኪችል ድረስ እየጠበቀ ያሳድገዋል። ስለዚህ አንድ ታላቅ ጋን ለመጨረስ ብዙ ሳምንታት ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀናት በምድጃ ይተኰሳል፤ ገና ሙቅ ሳለም ውስጡ በንብ ሰም ይቀባል። ሰሙ የሸክላውን ቀዳዳ ስለሚደፍን ጠጁ እንዳይሰርግና ዕቃው ለመታጠብ እንዲመች ያደርጋል። በዚህ ሥራ ከታወቁት ቦታዎች አንዱ በቴላቪ አጠገብ ያለው የቫርዲሱባኒ መንደር ነው።

ጋኑ እስከ አንገቱ ድረስ በመሬት ውስጥ ይቀበራል፤ የሚታየው አፉ ብቻ ነው። የተቀበረበትም ቤት ማራኒ ይባላል። አንድ ጊዜ ከተቀበረ ከዚያ አይነሣም፤ አባት የቀበረውን ልጅ ይሞላዋል፣ የልጅ ልጅም ይወርሰዋል። ጋኑ መሬት ውስጥ መሆኑ ለጌጥ አይደለም። ወይኑ ሲፈላ የሚያወጣውን ሙቀት አፈሩ ይቀበለዋል፤ በክረምትም ሆነ በበጋ ቅዝቃዜውን ሳያዛንፍ ይጠብቀዋል።

ወይኑ የሚረገጥበት ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ገንዳ ሳጽናኸሊ ይባላል፤ ዛሬ ግን በብዙ ቤት የእግሩን ሥራ መፍጫ መኪና ተክቶታል። በካኸቲ ልማድ ጭማቂው ብቻውን አይጨመርም፤ ልጣጩ፣ ፍሬውና የዘለላው እንጨት አብረው ይገባሉ። በምዕራቡ ክፍል በኢመሬቲ ግን የልጣጩ ጥቂት ብቻ ይጨመራል፤ እንጨቱም አይገባም። ጥንስሱ በራሱ እርሾ ይፈላል፤ እየፈላ ሳለም ወደ ላይ የሚንሳፈፈው ልጣጭ በቀን ብዙ ጊዜ በረዥም እንጨት ወደ ታች ይደፈቃል። መፍላቱን ሲያቆም የጋኑ አፍ በድንጋይ ይከደንና በጭቃ ይመረጋል። ከ5 እስከ 6 ወር ከቆየ በኋላ በጸደይ ወራት ይከፈታል፤ በዚያ ጊዜ ዝቃጩ በሾለው የጋኑ ታች ተከማችቶ፣ ጠጁ ጠርቶ ይገኛል። ከነጭ ወይን የተጠመቀው ጠጅ ከልጣጩ ጋር ስለ ከረመ ነጭ አይሆንም፤ ቀለሙ የማር ጠጅን ይመስላል፤ አፍንም እንደ ሻይ ይጨብጣል። ከዝቃጩ ደግሞ ጫጫ የሚባል አረቄ ይወጣል።

ባዶ የሆነውን ጋን ማጠብ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ጋኑ ታላቅ ሲሆን ሰው ይገባበታል፤ ትንሽ ሲሆን ከቼሪ ዛፍ ቅርፊት በተሠራ፣ ረዥም ዘንግ ባለው መፈግፈጊያ ከውጭ ይታጠባል። የኢትዮጵያ ባልቴት የጠላውንና የጠጁን ጋን በግራዋ ቅጠል አጥባ በወይራ ጢስ የምታጥነው በዚሁ ዓይነት ጥንቃቄ ነው። በሁለቱም አገር የጠማቂው ስም የሚመሰገነው ወይም የሚነቀፈው ገና ጥንስሱ ሳይጀመር በጋኑ ንጽሕና ነው።

መከሩ

የወይኑ መከር ርትቬሊ ይባላል። በካኸቲ የሚሆነው ከሴፕቴምበር እስከ ኦክቶበር አጋማሽ፣ በኢትዮጵያ የመስቀል በዓል በሚከበርበት ወራት ነው። ርትቬሊ ቀን የተቈረጠለት በዓል ሳይሆን ሥራና ደስታ የተቀላቀሉበት ወቅት ነው። በትብሊሲ የሚኖረው ዘመድ ወደ አባቱ ቤት ይመለሳል፤ ጐረቤት ጐረቤቱን ይረዳል፤ የተረዳውም በተራው ብድሩን ይመልሳል። የኢትዮጵያ ገበሬ ደቦና ወንፈል ብሎ የሚጠራውን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ወንዶቹ ሥጋውን በደረቀ የወይን ቅርንጫፍ ፍም ላይ ይጠብሳሉ። ሴቶቹ ዋልነት የሚባለውን ለውዝ በክር ሰክተው፣ በዱቄት በወፈረ የወይን ጭማቂ ውስጥ እየነከሩ ያደርቁታል፤ ይህም ቹርችኸላ የተባለው የክረምት ስንቅ ነው።

ከቤተ ሰቡ መከር ሌላ የሕዝብ በዓሎችም አሉ። በአላዛኒ ሸለቆ የሚገኘው በ11ኛው መቶ ዓመት የታነጸው የአላቬርዲ ካቴድራል በየዓመቱ በመከሩ ወራት አላቬርዶባ የሚባል በዓል ያከብራል። በትብሊሲም ከ1979 ጀምሮ በየመጸው ወራት ትብሊሶባ የሚባል የከተማ በዓል ሲከበር ኖሯል። ከ2010 ወዲህ ደግሞ በሜይ ወር የአዲስ ጠጅ በዓል ይደረጋል፤ በዚያ ታላላቆቹ ፋብሪካዎችና በቤታቸው የሚጠምቁ ባላገሮች ጎን ለጎን ቆመው የዓመቱን ጠጅ ያስቀምሳሉ።

ለቤተ ክርስቲያን የሚሆነው ጠጅ ከሌላው ተለይቶ ይቀመጣል፤ ስሙም ዘዳሼ ይባላል። በቀድሞ ዘመን ቤተ ሰቡ ለዘዳሼ የሚሆን ጋን ለብቻው ይቀብር ነበር፤ ይህም ጠጅ ለቅዳሴ፣ ለዓመት በዓልና ለሙታን መታሰቢያ እንጂ ለሌላ አይነካም፣ አይሸጥምም ነበር። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ለቍርባን የሚሆነው ከዘቢብ ሲዘጋጅ የኖረው ወይኑ በየቦታው ስለማይገኝ ነው፤ በካኸቲ ግን ወይኑ በየደጁ ስላለ፣ የተቀደሰውን ከተራው የሚለየው ብርቅነቱ ሳይሆን የጋኑ መለየት ነው። ጆርጅያን ያስተማረችው ቅድስት ኒኖ መስቀሏን የሠራችው ከወይን ቅርንጫፍ ነው፣ ያሰረችውም በራሷ ጠጕር ነው ተብሎ በትውፊት ይነገራል፤ ይኸው መስቀል ነው የሚባለውም በትብሊሲ ስዮን ካቴድራል ይጠበቃል።

የማዕዱ ሥርዓት

ጋኑ በጸጥታ ያስቀመጠውን ማዕዱ በንግግር ይከፍተዋል። የግብሩ ማዕድ ሱፕራ ይባላል፤ የቃሉ ትርጕም የገበታ ልብስ ማለት ነው። በሱፕራ ላይ ማንም ሰው በገዛ ፈቃዱ ብርጭቆውን አንሥቶ አይጠጣም። ታማዳ የሚባል የማዕድ አለቃ ይመረጣል፤ እርሱ ቃል ከተናገረ በኋላ ሌሎቹ በየተራቸው የበኩላቸውን ጨምረው ይጠጣሉ። መሪኪፔ የሚባል አሳላፊ ደግሞ ጽዋው እንዳይጐድል ይቀዳል። ታማዳው ቃሉን ለሌላ ሰው ለማስተላለፍ ሲፈልግ «አላቬርዲ» ብሎ ይጠራዋል፤ የተጠራው ሰው የተጀመረውን ሐሳብ አስፋፍቶ የመናገር ግዴታ አለበት።

የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ሥርዓት በሁለት በኩል ያውቀዋል። ቃሉ በይዘቱ ከሽማግሌ ምርቃት ጋር ይቀራረባል፤ ምርቃት በ«አሜን» እንደሚታተም፣ የታማዳውም ቃል «ጋውማርጆስ» በሚል ድምፅ ይታተማል፤ ትርጕሙም ድል ይሁን እንደ ማለት ነው። የታማዳው ሹመት ደግሞ የጽዋ ማኅበርን ሙሴ ያስታውሳል፤ ሁለቱም ሥልጣናቸው ከገበታው አይወጣም፤ በገበታው ላይ ግን የሚተላለፋቸው የለም። ልዩነቱ በዚህ ነው፤ ሙሴው ማኅበሩን የሚመራው በቅዱሱ ስም ሲሆን፣ ታማዳው የሚመራው በአንደበቱ ችሎታ ነው። ብዙ ይጠጣል፤ ነገር ግን መስከሩ ከታወቀ ያፍራል።

ቃሎቹ ቅደም ተከተል አላቸው። ከቦታ ቦታ ቢለያይም፣ አብዛኛውን ጊዜ በእግዚአብሔር ወይም በሰላም ስም ይጀመራል፤ ከዚያም ስለ አገር፣ ስለ ቤቱ ባለቤቶች፣ ስለ እንግዶች፣ ስላለፉት ሙታን ይነገራል። ከሙታን ቀጥሎ ስለ ልጆችና ስለ ሕይወት መነገሩ በዘፈቀደ አይደለም፤ ማዕዱ በሐዘን እንዳይቆም ነው። የቀብር ማዕድ ኬሌኺ የተባለ ሌላ ሥርዓት አለው፤ በእርሱ ላይ ብርጭቆ ከብርጭቆ አይጋጭም። ለታላቅ ቃል ካንጺ የሚባለው የቀንድ ዋንጫ ይወጣል። ቀንዱ መቀመጫ ስለሌለው የተቀበለው ሰው ሳይጨርስ ሊያስቀምጠው አይችልም። በኢትዮጵያም ዋንጫ የሚባለው ዕቃ ከቀንድ ይሠራ እንደ ነበር የታወቀ ነው።

በቃል መካከል ዘፈን ይገባል። የካኸቲ የገበታ ዘፈን በሦስት ድምፅ የሚባል ነው፤ ሁለቱ በየተራ ከላይ ሲያዜሙ የቀሩት ሁሉ ከሥር አንድ ድምፅ ይዘው ይቆያሉ። ቻክሩሎ የሚባለው የካኸቲ ዘፈን በ1977 ቮዬጀር በተባሉት መንኰራኵሮች ወደ ጠፈር ከተላኩት የዓለም ዜማዎች አንዱ ነው።

ስለ ሱፕራ ጥንታዊነት ሊቃውንት አይስማሙም። በቫኒ በተደረገ ቁፋሮ ቀንድ ይዞ የተቀመጠ ትንሽ የነሐስ ምስል ተገኝቷል፤ ዕድሜውም ከክርስቶስ ልደት በፊት እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ይደርሳል ተብሎ ተገምቷል። ብዙ ሰውም የመጀመሪያው ታማዳ እርሱ ነው ይላል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ግን ግብዣ ጥንታዊ ቢሆንም፣ ዛሬ የሚታየው ጥብቅ የቃል ሥርዓት የተቀረጸው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው ይላሉ። በዚያ ጊዜ ጆርጅያ በሩሲያ ነገሥታት ሥር ነበረች፤ ሕዝቡም በአደባባይ ሊናገረው የማይችለውን ስለ አገሩና ስለ አባቶቹ በማዕድ ላይ ይናገር ነበር። ይህ አስተያየት ልማዱን አያሳንሰውም፤ ይልቁንም ሰዎቹ ለምን አጥብቀው እንደ ያዙት ያስረዳል።

ሥርዓቱ የራሱ ጉድለትም አለው። በልማድ ታማዳ የሚሆነው ወንድ ነው፤ ማዕዱን ያዘጋጀችው ሴት ብዙ ጊዜ የምትሰማው ከወጥ ቤት ሆና ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን በስማቸው ጠጅ ጠምቀው የሚያቀርቡ ሴቶች ተነሥተዋል፤ ይህም ማዕዱን ሳይነካ የሚያልፍ አይመስልም።

የፋብሪካው ዘመን

በሶቪየት መንግሥት ዘመን የወይን እርሻው ለመንግሥት ፋብሪካ ተገዛ። ፋብሪካው የሚፈልገው ብዛት ስለ ነበረ፣ ብዙ ፍሬ የሚሰጡት ጥቂት ዓይነቶች ብቻ በሰፊው ተተከሉ፤ የቀሩት መቶዎች ከእርሻው እየጠፉ በየጓሮው ተወሰኑ። ጠጁም በጥቂት ቦታ ካልሆነ በቀር በጋን ሳይሆን በታላላቅ በርሜል መጠመቅ ጀመረ። በ1985 የሶቪየት መንግሥት በአልኮል መጠጥ ላይ ዘመቻ ባወጀ ጊዜ ብዙ የወይን ተክል ተነቀለ። ጆርጅያ በ1991 ነጻነቷን ካወጀች በኋላም ችግሩ አልቀረም፤ የውጭ ገበያዋ ዋና ገዢ የነበረችው ሩሲያ በ2006 የጆርጅያን ጠጅ ከለከለች፤ ክልከላው የተነሣው በ2013 ነው።

ይህን ሁሉ ዘመን የክቬቭሪን ሙያ ያሻገረው ፋብሪካ ወይም መሥሪያ ቤት አልነበረም። ባላገሩ ለፋብሪካው የሚያስረክበውን ካስረከበ በኋላ፣ ከጓሮው የሚለቅመውን በአባቱ ጋን ይጠምቅ ነበር። ልጁ ሲዳር፣ አባቱ ሲሞት፣ እንግዳም ሲመጣ በገበያ ጠጅ ማስተናገድ ያሳፍረው ነበርና። ስለዚህ ጋኑ እንዳይጠፋ የያዘው ማዕዱ ነው ማለት ይቻላል። ዩኔስኮ በ2013 የጆርጅያን የክቬቭሪ አጠማመቅ ከሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ባስገባ ጊዜ ያከበረው በእነዚህ ቤቶች የተጠበቀውን ሙያ ነው።

እንግዳውና ደንበኛው

የሩሲያ ገበያ በተዘጋባቸው ዓመታት የጆርጅያ ጠማቂዎች ሌላ ገዢ ለመፈለግ ተገደዱ፤ የጥራቱም ነገር በዚያው ተሻሻለ። በ2019 ወደ ውጭ የተላከው ከ90 ሚሊዮን ጠርሙስ በላይ ነበር። ከዚህ ውስጥ በጋን የተጠመቀው ጥቂቱ ቢሆንም፣ ጐብኚውን ወደ ካኸቲ የሚስበው ይኸው ጥቂቱ ነው።

ጐብኚው የሚያየው ብዙ ነው። በጺናንዳሊ የገጣሚው መስፍን የአሌክሳንደር ቻቭቻቫድዘ ርስት አለ፤ እርሱ በ19ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓን አጠማመቅ ወደ አገሩ ካስገቡት ነው። በክቫሬሊ ተራራ ውስጥ 7.7 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ጠጅ የሚቀመጥበት ዋሻ ይታያል። በአላቬርዲ ገዳም መነኰሳቱ በ21ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጥንታዊውን ማራኒ አድሰው እንደ ገና በጋን ይጠምቃሉ። ከነዚህ ሌላ በየመንደሩ ማራኒያቸውን ለጐብኚ የከፈቱ ቤተ ሰቦች አሉ፤ ጠጁን ያስቀምሳሉ፣ ምሳ ያቀርባሉ፣ በመከር ጊዜም ጐብኚው በክፍያ ወይን እንዲለቅም ያደርጋሉ።

ከዚህ የሚገኘው ጥቅም ግልጽ ነው። ሸክላ ሠሪው ገዢ አግኝቷል፤ ሊረሱ የነበሩ የወይን ዓይነቶች እንደ ገና ተተክለዋል፤ ወደ ከተማ ሊሄድ የነበረ ወጣትም በአባቱ መሬት ለመቅረት ምክንያት አግኝቷል። ነገር ግን ሰዓቱና ዋጋው አስቀድሞ የተቈረጠ ሱፕራ፣ ቃሉና ዘፈኑ ሳይጐድል፣ አንድ ነገር ይጐድለዋል። ጆርጅያውያን እንግዳ የእግዚአብሔር ነው ይላሉ፤ በኢትዮጵያም የመሸበት መንገደኛ «የእግዚአብሔር እንግዳ» ብሎ ደጅ ይመታል። የሁለቱም አባባል ሐሳብ እንግዳው ዕዳውን ለባለቤቱ በገንዘብ ሊከፍል አይችልም የሚል ነው፤ ዕዳው የሚከፈለው በሌላ ቀን ለሌላ እንግዳ በሚደረግ መስተንግዶ ነው። ደንበኛው ግን ከፍሎ ይሄዳል፤ በመካከላቸው የሚቀር ዕዳ የለም። ዕዳ በሌለበት ደግሞ ዝምድና አይበቅልም።

ስለዚህ ገንዘቡን መንቀፍ አይገባም፤ ሁለቱን ማዕዶች ለይቶ ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ባለቤቶቹ ራሳቸው ልዩነቱን ያውቃሉ። የሚሸጠው ጠጅ ወደ ጠርሙስ ይገባል፤ ስም ይጻፍበታል፤ ለዘመድና ለወዳጅ የሚሆነው በማድጋ ከጋኑ ይቀዳል። በሚከፈልበት ማዕድ የተቀመጠ ጐብኚም ቢሆን ሥርዓቱን ለማክበር የሚከለክለው የለም፤ ታማዳው ሳይናገር ባይጠጣ፣ በተጠራ ጊዜም ስለ ራሱ ሙታንና ስለ ራሱ አገር ጥቂት ቃል ቢናገር፣ ከደንበኛነት ወደ እንግድነት አንድ እርምጃ ይቀርባል።

ለተመራማሪው የሚቀረው ሥራ የጠርሙሱን ቍጥር መከታተል ብቻ አይደለም። ከየማራኒው ጋኖች መካከል ለገበያ የማይከፈተው ስንት እንደ ሆነ፣ እርሱም ለማን እንደሚጠበቅ መጠየቅ አለበት። በአንድ ቤት እንዲህ ያለ አንድ ጋን እስካለ ድረስ፣ በአጠገቡ ያሉት ሁሉ ቢሸጡም፣ ባለቤቱ ጠማቂ ሆኖ ይኖራል። እርሱ የተከፈተ ለት ግን ጋኑ ቢቀጥልም ማራኒው መደብር ይሆናል።